የተደመሰሰው ሰዓት

ወሬው የደረሰኝ ለዐስር ሶላት ውዱእ እያደረግሁ ነው። ሰመራ ላይ በዚያ ሰዓት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል፤ ስለዚህ ጠዋት በጀሪካን ቀድቼ ጥላ ውስጥ አቆየዋለሁ። እግሬን ልታጠብ ጎንበስ ስል ስልኩ ጮኸ። ውዱእ ከጀመርሁ ስልክ አላነሳም። ጮኾ አቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ ሲደግም ሰው ሞቷል ብዬ እጄን ሳልጠርግ አነሳሁት።

የደወለችው ከአሶሳ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ አብራኝ ትሠራ የነበረች ዜና አንባቢ ናት። እኔ እዚያ ባለቤቴ ወደ ሰመራ እስኪዛወር ድረስ የስርጭት መዝገብ ያዥ ነበርሁ።

«ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

«ማን ሞተ?»

«ሰው አልሞተም። ጣቢያው ነው። ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ ከትናንት ጀምሮ አየር ላይ የለንም።»

«ለምን?»

መልሱን ትታ ስለ ሰመራ ሙቀት ጠየቀችኝ። ይህቺ ሴት ወሬ አይጠፋትም፤ ዜና እያነበበች እንኳ በማስታወቂያው መሃል ከቴክኒሺያኑ ጋር ወሬ ትጀምራለች።

«በዚያች የዓርብ ስርጭት ሰዓት ምክንያት ነው» አለች በመጨረሻ። «ቅጂውን አምጡ ተብሎ በጠፋችው። ሊቀመንበሩ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል። በቀድሞዋ መዝገብ ያዥ ግድየለሽነት ተደመሰሰ ይላል። ስምሽ ከነአባትሽ አለበት።»

ግድየለሽነት። በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ። ደረቅ ተብያለሁ፣ ቁጡ ተብያለሁ፤ ጣቢያው ውስጥ «ወይዘሮ ደቂቃ» እያሉ ከኋላዬ ሲሳሳቁ እሰማ ነበር። ግድየለሽ ግን ጠላቴም ብሎኝ አያውቅም። ያን ሶላት እንዴት እንደሰገድሁት አላህ ይወቀው። ሦስተኛው ረከዓ ላይ ልሁን አራተኛው ላይ ጠፍቶብኝ የመርሳት ሱጁድ ወረድሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልናገር።

ሬዲዮ ጣቢያ እንዳሻው አይናገርም። ሞገዱ የሕዝብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይሰጣል፣ ያድሳል፣ ይነሳል። ያስተላለፍነውን ሁሉ ሰዓት በሰዓት እንድንቀዳና ሕጉ እስከሚለው ጊዜ ድረስ እንድናስቀምጥ ያዛል። ቅሬታ የቀረበበት ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ቅሬታው እልባት እስኪያገኝ ማንም አይነካውም። ባልደረቦቼ ይህን ሕግ የሚያዩት እንደ እርግማን ነበር። እኔ ወደድሁት። ቁርኣን የቀራሁት በቀኝና በግራዬ ሁለት ጸሐፊ መላእክት እንዳሉ እየተነገረኝ ነው። የሰው ልጅ የተናገረው ሁሉ ይቀመጣል ማለት ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

መቅጃው ኮምፒዩተር አይጠፋም። መብራት ሲሄድ ግን ይጠፋል። ታላቁ ግድብ እዚያው ክልላችን ውስጥ ጉባ ላይ ቆሞ እኛ ጋ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለፈውን ጊዜ ከነምክንያቱ በመዝገቤ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለፍተሻ የመጡ ባለሙያ መዝገቡን ሲያገላብጡ ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ ምን ይላል? ‹ጄኔሬተሩ ናፍጣ ነበረው፤ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነበር።› ይህንንም ትጽፊዋለሽ?»

«ሆኖ የለ እንዴ?» አልኋቸው።

ሳቁ። ሲሄዱም ለሊቀመንበራችን «ይህችን ሴት እንዳታጧት» ብለው ሄዱ። ሊቀመንበራችን ነዋሪው የመረጣቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ያን ቀን በኩራት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ዛሬም «እሳቸው» የምላቸው ልማድ ሆኖብኝ እንጂ አሁን አንጀቴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

ያቺ ሰዓት የመጣችው እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት የአድማጮች ሰዓት የሚባል ስልክ የምንቀበልበት ፕሮግራም ነበረን። የዚያን ዕለት ወሬው ወደ ምንጭ ስለሚወስድ መንገድ ሆነ። አንድ የበርታ ተወላጅ የሆነ የማንጎ ነጋዴ አትክልቱን ሲያጥር መንገዱም አብሮ ታጠረ። ከማዶ ያሉት፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በቁጥር በሚጠራ መንደር የሰፈሩት ገበሬዎች፣ አህያ ጭነው ውሃ መቅዳት አቃታቸው። እኔም የዚያ መንደር ልጅ ነኝ። አንዱ ገበሬ ደወለ። የማንጎው ባለቤት ሰማና እሱም ደወለ። አቅራቢው ሁለቱንም አንድ ላይ አገናኛቸው። ስልኩን መዝጋት ሲገባው፣ ነገሩ ጣፈጠው መሰለኝ፣ ተዋቸው። ምን እንደተባባሉ አልጽፍም። አባት ተነሳ፣ ከየት መጣህ ተባለ፤ እሱ ይበቃል።

የማንጎው ባለቤት ልጅ አዲስ አበባ ይማራል። ሰው ደውሎ ነገረውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈ። ይህን ያወቅነው «አቤቱታ ቀርቦባችኋል፣ ቅጂውን እንዳትነኩ፣ ስንጠይቃችሁ ትልካላችሁ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ነው። ደብዳቤውን መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። በቀይ ያሰመርሁበትም እኔው።

በዚህ መሃል ሽማግሌ ገባ። ወላጆቻችን ከወሎ ይዘውት የመጡት የእርቅ ሥርዓት አለ፤ አስታራቂው አበጋር ይባላል። በእኛ በኩል የመንደራችን አበጋር፣ በበርታዎቹ በኩል የነጋዴው አጎት የሆኑ ሐጂ ተቀምጠው፣ በዚያው በማንጎው ሥር ሁለቱን አስታረቁ። አጥሩ የተጫነ አህያ በሚያሳልፍ ልክ ተከፈተ። እርቁን ለማሰር የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ፋቲሃ፣ ተቀራ። እኛ ዘንድ ፋቲሃ የተቀራበት ነገር አይነሳም፤ ያነሳው ሰው አዲስ በዳይ ነው። እስካሁን ያለው ሁሉ ያማረ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣቢያው መጡ። አበጋሩ፣ ሐጂ፣ ሁለቱ ታራቂዎች። ሊቀመንበሩ ይዘዋቸው ወደ እኔ ክፍል ገቡ። ቴክኒሺያኑ እዚያው ነበር፤ ወንበሩን ለሽማግሌዎቹ ለቀቀ። ዜና አንባቢዋም ነገር ሸቷት በሩ ላይ ቆማለች። እኔን ሳይጨምር ሰባት ሰው። ወንበር ስላልበቃ ታራቂዎቹ በአንድ አግዳሚ ተጣበው ተቀመጡ፤ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ።

ሐጂ ጀመሩ። አማርኛን የተማሩት በገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ።

«ልጄ፣ እኛ ጨርሷል። ሐላስ። ግን የሰውዬው ድምፅ እዚህ ሳጥን ውስጥ አለ። አንተ ቁልፍ ስትነካ፣ እሱ ይሰድባል። ዛሬ ታረቀ፣ ነገ እንደገና ይሰድባል። ይሄ ምን እርቅ ነው?»

«ሐጂ፣ አልከፍተውም። ከሚመለከተው በቀር ማንም አይሰማውም» አልኋቸው።

«የማይሰማ ከሆነ ለምን ይቀመጣል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። 

ሕጉን ግን ነገርኋቸው። አቤቱታ እንዳለበት፣ ደብዳቤ እንደመጣ፣ ቅጂው የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ተናገርሁ። ደብዳቤውንም ከፋይሉ አውጥቼ አሳየሁ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወናጨፉ።

«አቤቱታው እኮ የልጁ ነው። አባትየው ከታረቀ ልጅየው ምን ቤት ነው?»

«እንግዲያው ልጁ አቤቱታውን ማንሳቱን ይጻፍ፤ መልስ ይምጣና ያን ጊዜ እደመስሳለሁ።»

«እስከዚያ ስንት ወር?»

«የፈጀውን ይፍጅ፣ መምህር።»

ታራቂው ገበሬ ከአግዳሚው ላይ ሳቀ። «እሷ እኮ ወረቀት ካላየች ውሃም አትጠጣም» አለ። የማንጎው ባለቤት ጉልበቱን መትቶ አብሮት ሳቀ። ትናንት በአንድ ምንጭ የተጣሉ ሰዎች ዛሬ በእኔ ላይ ሲስማሙ ማየት፣ እውነቱን ልናገር፣ አሳፈረኝ።

«ቢያንስ ቃለ ጉባኤ ልያዝና ሁላችሁም ፈርሙልኝ» አልሁ።

ይህን ስል ክፍሉ ቀዘቀዘ። አበጋሩ አባቴን ያውቁታል፤ አብረው ነው የሰፈሩት። ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና አዩኝ።

«አንቺ ልጅ! ፋቲሃ የተቀራበትን ነገር በእስክሪብቶ ልታጸኚው? የአላህ ቃል አነሰሽ? አባትሽ ከማን አስፈርሞ ያውቃል?»

አባቴ የመንደሩን የውሃ ፓምፕ ቁልፍ እስኪሞት በአንገቱ አስሮ የያዘ ሰው ነው። አማና ነው፣ አደራ ነው ይል ነበር። ከማንም አላስፈረመም። ማንም አላስፈረመውም። ይህን ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ሊቀመንበሩ ያን አይተው ቀረብ አሉኝ።

«እኔ አለሁ። ጠያቂ ቢመጣ የምመልሰው እኔ ነኝ። ደምስሺው።»

ደመሰስሁት። ኮምፒዩተሩ በእንግሊዝኛ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ በዚያ ክፍል ከነበሩት ሁሉ ያን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ከመጠባበቂያው ሃርድ ዲስክም አጠፋሁት። ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ስምንታችንም አሚን አልን። በማግስቱ ከሐጂ ቤት አንድ ማዳበሪያ ማንጎ መጣልኝ። ጉቦ እንዳይመስል ለጣቢያው ሰው ሁሉ አከፋፈልሁትና ይህንንም መዝገቤ ላይ ጻፍሁ። ከሱ በላይ ባለው መስመር የጻፍሁት ግን ይህ ነው፦ «የዓርብ ጠዋት የአድማጮች ሰዓት በሽማግሌዎች ጥያቄ፣ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ፣ በእኔ እጅ ተደመሰሰ።» የሰባቱንም ስም በሥሩ አሰፈርሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቅጂውን ጠየቀ። ሊቀመንበሩ «በቴክኒክ ብልሽት ጠፍቷል» ብለው መልስ አረቀቁ።

«መምህር፣ ውሸት ነው» አልኋቸው። «የሆነውን እንጻፍ። እርቅ ነው የደመሰሰው። ቢቀጡን እንኳ አውቀው ይቀጡን።»

«አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ስለ ፋቲሃ ምን ያውቃል?»

«ስላልነገርነው ነዋ የማያውቀው!»

የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ የተናደድሁት። በእርግጥ መሥሪያ ቤቱም የልቤን አላደረሰም። አብሮ የላከው ቅጽ «ቅጂው አለ» እና «ቅጂው የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች እንጂ «ለምን» የሚል መስመር የለውም። አንድ ሰው ያንን መስመር ቢጨምርበት ስንት ነገር በዳነ። ቢሆንም መስመር የለም ተብሎ ውሸት አይጻፍም። ከኅዳጉ ላይ ይጻፋል፤ እኔ ስንቱን ከኅዳግ ላይ ጽፌያለሁ።

ከዚያ ባለቤቴ ተዛወረና ተከተልሁት። መዝገቡን፣ ፋይሉን፣ ሃርድ ዲስኩን በርክክብ ሰነድ አስረክቤ፣ የካቢኔቱን ቁልፍ እንኳ በፊርማ ሰጥቼ ወጣሁ። የፈቃድ ማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ኮምፒዩተሩን አስመረመረ። ብልሽት የለበትም፤ ሰዓቷ በሰው እጅ ነው የተሰረዘችው። ሊቀመንበሩ የጻፉት መልስ ውሸት መሆኑ ታወቀ። ሁለተኛ ውሸት አስፈለጋቸው፤ ሩቅ ያለ ሰው ተፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ።

ወሬው ከደረሰኝ ሳምንት ሲሆን ለሊቀመንበሩ ደወልሁላቸው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ፤ አይሸሹም፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

«መምህር፣ እኔ አለሁ ብለውኝ ነበር።»

«አለሁ እኮ። ግን አስቢው፣ አንቺ ሩቅ ነሽ። ምን ይጎዳሻል? ከእኛ አንዳችን ጥፋተኛ ብንሆን ጣቢያው ጨርሶ ይሞታል። ለጣቢያው ብለሽ ቻይው።»

«እናቴስ? እናቴም ሩቅ ናት?»

«እሷን ማን ይነካታል?» አሉ።

ማን እንደነካት ልንገራችሁ። ሊቀመንበሩን ከማናገሬ በፊት በነበረው የገበያ ቀን እናቴ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንዷ ሻጭ «ሬዲዮናችንን ያፈነችው ያንቺ ልጅ ናት አሉ» አለቻት።

«ሽንኩርቴን ጥዬላት መጣሁ» አለችኝ እናቴ በስልክ።

«አብሽሪ እማዬ። ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑን እኔ መች አጣሁት። ለሷ ግን ምን ብዬ ልመልስላት? ምን ማስረጃ አለሽ ብትለኝ ምን አሳያታለሁ?» ቀጥላም «ሬዲዮውን አላጠፋሁትም» አለች። «ሹ... ሹ... ይላል። ድንገት ከተመለሰ ብዬ ነው።»

ያ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ለመንደራችን በአማርኛና በበርታ፣ በሁለት ቋንቋ ዜና የሚናገር ሌላ ጣቢያ የለም። የወባ መርጫ መቼ እንደሚመጣ፣ የጠፋ በሬ የት እንደታየ እናቴ የምትሰማው ከዚያ ነው። አሁን አንዲት አሮጊት ባዶ ሞገድ እያዳመጠች ተቀምጣለች፤ ከቤት ወጥታ ገበያ ለመሄድም ታፍራለች። እኔ የማጣው ምንም የለም አሉኝ።

ወደዚያች ዜና አንባቢ መልሼ ደወልሁ።

«አንቺስ? በሩ ላይ አልነበርሽም?»

«ነበርሁ» አለች። አለቀሰች። «ግን ብቻዬን ምን ልበል? ሐጂን ጠየቅኋቸው እኮ። ‹ልጄ፣ ፋቲሃ ተቀርቷል፣ አይነሳም› አሉኝ። አበጋሩም እንደዚያው። የገጠመኝን ብታይ! ነገሩን ያነሳሁ በዳይ እኔ ሆንሁ።»

«መዝገቡስ?»

«የለም። ከካቢኔቱ ውስጥ የዚያ ዓመት ብቻ የለም።»

እንግዲህ ይህ ነው። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሆነውን ሁሉ ጽፌ ልኬአለሁ። በትሕትና መለሱልኝ፦ ቃሌን የሚደግፍ መዝገብ ወይም የነበረ ሰው ካለ የጣቢያው ፈቃድ እንደገና እንዲታይ በተቆረጠለት ጊዜ ውስጥ ይቅረብ አሉ። ልክ ናቸው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ። የአንዲት ሴት ቃል ከሊቀመንበር ማኅተም በላይ አይመዝንም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ያን ጠዋት እዚያች ክፍል ለነበራችሁ ሰባት ሰዎች ነው። ስማችሁን አልጠራሁም፤ መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁና ያን መዝገብ የያዘው ሰው ራሱን ያውቃል፤ ያምጣው።

አበጋራችን፣ ሐጂ፦ ምስክርነት የሚደብቅ ሰው ልቡ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ፋቲሃ የተቀራው በስድቡ ላይ ነው። ስድቡ ሞቷል፤ እኔም በእጄ ቀብሬዋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ገጽ አንድ ቃሉን አላነሳሁም። በእኔ ላይ ግን ፋቲሃ አልተቀራም። ያን ጠዋት ለእኔ ያደረጋችሁት ዱዓ ነው፤ እኔም አሚን ብያለሁ። የተጣሉትን ሰዎች ነገር አንሱ አላልሁም። የእኔን ነገር አንሱ።

ሁለታችሁ ታራቂዎች፦ አግዳሚው ላይ አብራችሁ ስትስቁብኝ ደስ ብሏችሁ ነበር። አሁን አብራችሁ ኑ። ቴክኒሺያኑ ወንድሜ፣ ወንበርህን ለሽማግሌዎቹ የለቀቅህ አንተ ነህ። አንቺ እህቴ፣ ብቻዬን አልሽኝ፤ ይኸው ብቻሽን አይደለሽም። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን ብቻ ይድገሙት፦ እኔ አለሁ።

ደምስሳለች በሉ፤ እውነት ነው፣ አልክድም፤ ቅጣት ካለው እቀጣበታለሁ። ለምን እንደደመሰስሁና ማን እንዳዘዘኝም ጨምሩበት። ቅጹ መስመር ከሌለው ከኅዳጉ ላይ ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን አንዳችሁ፣ ማናችሁም ብትሆኑ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴን ከቤት ይዛችሁ ውጡና ሽንኩርት ተራው ጋ ቆማችሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኛ ነበርን» በሉልኝ።